የ119 ዶላሩ ቸርኬ

«ጋሽ ፔዳል፣ እንደምን ከርመዋል? የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ዕድሜዬ 41፣ ክብደቴ 94 ኪሎ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ የተራራ ብስክሌት ለክፎኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞሪሰን አጠገብ ያለውን ዳኮታ ሪጅ እነዳለሁ። ብስክሌቴ ባለ 29 ኢንች ነው። ቸርኬዎቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ የኋላው ድንጋይ መትቶት ሁለት ቦታ ጎድጉዷል። በዚያው ካርቦን ላስገባ ብዬ ሱቅ ስጠይቅ ዋጋው አስደነገጠኝ። ኢንተርኔት ላይ ግን ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ሻጭ አንዱን ቸርኬ በ119 ዶላር ይሸጣል። ቲ1000 ካርቦን ነው፣ 340 ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው ይላል። የፈለግኩትን የታዋቂ ድርጅት ስቲከር ለጥፎ እንደሚልክልኝም ጽፎልኛል። አብሮኝ የሚነዳው ጓደኛዬ ‹የቻይና ካርቦን እንደ ሸክላ ነው የሚፈረከሰው፤ ጥርስህን ትለቅማለህ› ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ስለ ብስክሌት መስማት ሰልችቷታል። ያለኝ 500 ዶላር ነው። ለገና አዲስ አበባ ስሄድ ብስክሌቴን ይዤ እንጦጦ ላይ ልነዳ አስቤያለሁ። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?
ዳገት የለከፈው፣ ከኦሮራ»

ወንድሜ ዳገት የለከፈው፣

ከመልሱ ልጀምር። የ119 ዶላሩን አትግዛ። ካርቦን አትግዛ ግን አላልኩህም። በሁለቱ መሃል ብዙ ወሬ ስላለ ቡናህን ቅዳና ቁጭ በል።

መጀመሪያ ቃላችንን እናስተካክል። ቸርኬ ስል ጎማው የሚቀመጥበትን ክብ ብቻ ማለቴ ነው፤ ሻጮቹ ሪም የሚሉትን። መሃል ያለው ሞዞና ሞዞውን ከቸርኬው ጋር የሚወጥሩት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ማለትም ስፖኮቹ፣ ለብቻቸው ናቸው። ይህን የምለው ብዙ ሰው ቸርኬ አዝዞ ሙሉ ዊል፣ ማለትም ሞዞና ስፖኩ ተገጥሞለት ያለቀ፣ የሚመጣለት ስለሚመስለው ነው። ካርቶኑን ሲከፍት ባዶ ክብ ያገኛል።

አሁን ወደ ስቲከሩ። ሻጩ «የፈለግከውን ስም ለጥፌ እልካለሁ» ያለህ ጊዜ ነገሩ እዚያው አልቋል። በዓይንህ በምታየው ስም ላይ የሚዋሽ ሰው፣ ልታየው በማትችለው የውስጥ ሥራ ላይ በምን ዕዳው እውነቱን ይነግርሃል? መርካቶ አንድ ቀን የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት መካሪ አያሻውም። «ኦርጅናል ነው» ብሎ የሚምል አለ፤ «ፎርጂድ ነው ግን ጥሩ ፎርጂድ ነው» የሚልም አለ። ያንተኛው ሰውዬ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፤ የቱን ውሸት እንደምትወድ አስመርጦሃል! ኦግደን፣ ዩታ ውስጥ ያለው ኤንቪ የሚባለው ድርጅት አንዱን የተራራ ቸርኬ ለብቻው ወደ ሺህ ዶላር የሸጠበት ዘመን ነበር። እንዲህ ዓይነት ስም 119 ዶላር ላይ ተለጥፎ ካየህ ስሙ አይደለም የረከሰው።

ጓደኛህ ግን አንድ ነገር ተሳስቷል። «የቻይና» ማለት መለኪያ አይደለም። እኛ ሰፈር ቶሎ የሚበላሸውን ሁሉ «ቻይና ነው» ማለት ስለለመድን ነው እንጂ፣ በዓለም ላይ ከሚነዱት የካርቦን ቸርኬዎች እጅግ ብዙዎቹ ከቻይናና ከታይዋን ነው የሚወጡት። ስማቸው የከበደ ድርጅቶችም ብዙዎቹ እዚያ ነው የሚያሠሩት። ፉጂያን ክፍለ ሀገር ውስጥ ሺያመን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ የዚህ ሥራ ዋና መንደር እሷ ናት። ላይት ባይሲክልና ኔክስቲ የሚባሉት ሻጮች ለምሳሌ ከዚያው ሆነው በራሳቸው ስም በቀጥታ ለነጂው ይሸጣሉ። ከነሱ ጎን ደግሞ ስማቸው በየስድስት ወሩ የሚቀያየር ሻጮች አሉ። ሁሉም «ፋብሪካ ነን» ይላሉ። አንዳንዱ ፋብሪካ ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ካርቦን ስንል ጨርቅና ሙጫ ማለታችን ነው። ሙጫ የጠጣው ክር እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ሠራተኛው እየቆረጠ፣ በእጁ፣ አንዱን ሽፋን ወዲህ አንዱን ወዲያ እያጋደመ ሞልድ በሚባል የቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይደራርበዋል። ውስጡ የሚነፋ ፊኛ ይገባል። ሞልዱ ይዘጋል፣ ይሞቃል፣ ይጨመቃል። ስፖኮቹ የሚገቡበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ሽፋን መኖር አለበት፤ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። አንዱ ሽፋን ከተሸበሸበ ወይም መሃሉ አየር ከቀረ ከውጭ አይታይም። ቀለሙ ያምራል፣ ያብረቀርቃል። እንዲያውም አንዳንዱ ሞልድ ለማንም የሚሸጥ ስለሆነ ቅርጻቸው በሚሊ ሜትር የማይለያይ ሁለት ቸርኬዎች ከሁለት ሻጭ ልትገዛ ትችላለህ። ምጣዱ አንድ ነው፤ እንጀራው ግን የጋጋሪዋ ነው።

ቲ1000 ስላልከው ደግሞ አትደነቅ። ይህ ቁጥር ቶሬይ የሚባለው የጃፓን ድርጅት ለሚሠራቸው የካርቦን ክሮች የሚሰጠው መጠሪያ ነው። አንዱን ክር ይዘህ እስኪበጠስ ብትጎትተው ስንት ይችላል የሚለውን ይመለከታል፤ ሜጋ ፓስካል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ ቲ700 ወደ 4,900፣ ቲ1000 ወደ 6,370 ነው። ዳኮታ ሪጅ ላይ ግን ክርህን ማንም አይጎትተውም። ድንጋይ ነው ከጎን የሚያልሰው። ያን ጊዜ የሚያድንህ ሙጫው፣ የሽፋኖቹ አቅጣጫና ብዛት ነው። በደንብ የተሠሩ የተራራ ቸርኬዎች አብዛኛውን ጊዜ በቲ700 ነው የሚሠሩት፤ አንዳንዶቹ ላይ ቲ800 ጣል ይደረግበታል። ስለዚህ 119 ዶላር ላይ ቲ1000 የሚል ካየሁ እኔ የማስበው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ወይ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ ወይ አንዲት ሽፋን ለስሙ ገብታለች።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን 340 ግራሟ ናት። ባለ 29 ኢንች ቸርኬ በዚያ ክብደት የስልሳ ኪሎ ተወዳዳሪ ዕቃ ነው፤ ለስላሳ መንገድ ላይ ሰዓት ለመቁረጥ የሚጋልብ ልጅ። አንተ 94 ኪሎ ነህ፣ የምትነዳው ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ድንጋይ ላይ ነው። ላንተ የውስጥ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ክብደቱ ከ430 እስከ 500 ግራም የሚደርስ ቸርኬ ነው የሚሆንህ። ደህና ሻጭ አንዱኑ ቅርጽ በተለያየ ውፍረት ስለሚሠራ ቀላሉን፣ መካከለኛውንና ከባዱን ያስመርጥሃል። ከባዱን ውሰድ። ጠንካራ የሚባሉት አሉሚኒየሞች ከ500 እስከ 600 ግራም ናቸው። እንግዲህ አስላው፤ ባንድ ቸርኬ የምታተርፈው ሁለት እንቁላል ያህል ነው። ቁርስ ላይ አንዷን እንቁላል ብትተው ግማሹን በነጻ አገኘኸው ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ካርቦን?» ካልከኝ፣ ደህና ሲሠራ አይጣመምም። ዊሉ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ በየወሩ ስፖክ መወጠር ይቀራል፤ መሪውን ስታዞር ቶሎ ይታዘዝሃል። እኔ በግሌ የምወደው ይህን መታዘዙን ነው። እጅ ያደነዝዛል ብለው የሚጠሉትም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፣ በፒንሳ መለስ አድርገኸው ቤትህ ትገባለህ። ካርቦን ግን ወይ ምንም አይሆንም፣ ወይ ይሰነጠቃል። መሃል ቤት የለውም። ጓደኛህ እንዳለው እንደ ሸክላ ብትንትን የሚለው ጥቂቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የቸርኬው ከንፈር ይሰነጠቅና አየሩ ያልቃል፣ አንተም ብስክሌትህን ተሸክመህ ትወርዳለህ። ጥቂቱ ግን አለ። ለዚህ ነው ሻጩን የማስመርጥህ።

እኔም ይህን የማወራህ ተበልቼ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለት ቸርኬ፣ አንዱን በ130 ዶላር፣ ካንድ የማላውቀው ሻጭ ገዛሁ። በሰዓቱ ደረሰ፤ አምሮብኝ ሠራሁት። አራተኛው ወር ላይ ከኋላ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ጀመረ። ሰንሰለቱ ነው ብዬ ቀባሁት። ፔዳሉ ነው ብዬ ፈታሁት። አንድ እሑድ ጭቃውን ሳጥብ ስፖክ የሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ፀጉር የተለጠፈ መሰለኝ። በጣቴ ጠረግኩት፤ አልሄደም። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ጥፍሬ ገባበት። ሦስት ቀዳዳ ላይ እንደዚያው ነበር። ጻፍኩለት፤ «ቪዲዮ ላክ» አለኝ። ላክሁ። «ምትክ እንልካለን፣ የማጓጓዣ 80 ዶላር ክፈል» አለኝ። ተናድጄም ቢሆን እሺ አልኩ። ከዚያ ዝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሱቁን ስከፍተው ስሙ ያው ነው፣ የሚሸጠው ግን የልጆች የክረምት ጫማ ሆኗል። የሁለት ዓመት ዋስትና የሚል ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። በ119 ዶላሩና በ220 ዶላሩ ቸርኬ መሃል ያለው መቶ ዶላር ሲሰበር ኢሜይል የሚመልሰው ሰው ደመወዝ ነው። ካርቦኑ ራሱ ያን ያህል አይለያይም። ያ ሰው መኖሩን ደግሞ ከመግዛትህ በፊት ማወቅ ትችላለህ።

ጻፍለት። አራት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ ስፖኩ ቢበዛ በስንት ኪሎ ኃይል መወጠር አለበት? ደህና ሻጭ ቁጥር ይነግርሃል፤ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 130 መሃል ነው። ሁለተኛ፣ ትክክለኛው ክብደት ከተባለው በስንት ግራም ሊለይ ይችላል? ሦስተኛ፣ ኤኤስቲኤም የሚባለው መለኪያ ላይ ስንተኛ ደረጃ ነው? ሦስተኛው ደረጃ እስከ 61 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ዝላይ ነው፣ አራተኛው እስከ 122። ላንተ አራተኛው ይሻልሃል። አራተኛው ጥያቄ ዋናው ነው፤ ስነዳ ድንጋይ መትቶ ቢሰነጥቀውስ? የብዙዎቹ ዋስትና የፋብሪካ ስህተትን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ድንጋይ የመታውን አይጨምርም። አንዳንዶቹ ግን በቅናሽ ወይም በነጻ ምትክ ይሰጣሉ። የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል አብረህ ጠይቅ፤ እኔ የተበላሁት እዚያ ላይ ነው።

መልሱን ስታነብ ከቁጥሩ ይልቅ ወዙን እይ። ሁለት ቀን ፈጅቶ፣ አንዱን ጥያቄ «እሱን አንሸፍንም» ብሎ በግልጽ የመለሰልህን ሰው እመነው። «ዲር ፍሬንድ፣ ቬሪ ስትሮንግ፣ ኖ ፕሮብሌም» ብሎ በአምስት ደቂቃ የመለሰልህን ደግሞ ሰላም ብለህ እለፈው።

ስትከፍል በክሬዲት ካርድ ወይም በፔይፓል ክፈል። ፔይፓል ላይ ለመክሰስ 180 ቀን አለህ። «ለወዳጅ መላኪያ በሚለው ላክልኝና 10 ዶላር ልቀንስልህ» ካለህ እንዳትሞክረው፣ ያኔ ጥበቃው ይቀራል። በባንክ ላክ የሚልህንም ተወው። ቸርኬው እንደደረሰም ጋራዥ ውስጥ አታስቀምጠው። እኔ የማውቀው ሰው ክረምቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ስንጥቁን ያገኘው 180 ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ኪስህ። 500 ዶላር ለሁለት ቸርኬ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ደህናዎቹ እያንዳንዳቸው 200 አካባቢ ናቸው፤ እሱ ብቻ 400 ሆነ። ማጓጓዣ አለ። ቀረጥ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት ዘመን ለቻይና ዕቃ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ.፣ ለሌላውም አገር በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አብቅቷል። ስለዚህ «ዋጋው ቀረጥን ይጨምራል ወይ?» ብለህ በጽሑፍ አስመልሰው፤ ያለዚያ የዕቃ አድራሹ ሂሳብ በኋላ ቤትህ ይመጣል። ከዚያ ስፖክ አለ። ባለ 32 ቀዳዳ ከሆነ ለሁለቱ 64 ስፖክ ነው፤ የድሮዎቹ ርዝመታቸው ላይገጥም ይችላል። ከዚያ የሠሪው የእጅ ዋጋ። እኔ ስደምረው ሰባት መቶን ያልፋል። ለባለቤትህ 500 ብለህ ነግረህ 700 ከሚያልፍ፣ መጀመሪያውኑ እውነቱን ንገራት።

ስለዚህ እኔ አንተን ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የተጎደጎደውን የኋላውን አሁኑኑ በጠንካራ አዲስ አሉሚኒየም እቀይረዋለሁ። መቶና ከመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ዶላር ነው። ግድግዳው ወፈር ያለ የኋላ ጎማ እጨምርበታለሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ያንተን ቸርኬ የጎዳው ምናልባት የሳሳ ጎማና ያነሰ አየር ነው። የቀረውን ብር አስቀምጬ በጸደይ አንድ ካርቦን ለፊት ብቻ እገዛለሁ። ድንጋዩ የሚደበድበው የኋላውን ነው። መሪው መታዘዙን የምታየው ደግሞ ከፊት ነው። በርግጥ የፊቱ ቢከዳህ አወዳደቁ ይከፋል፤ ለዚህም ነው ለፊት የምትገዛውን ከላይ ያልኩትን ፈተና ካለፈ ሰው ግዛ የምልህ። «ካርቦን ከኋላ ነው» የሚሉም አሉ፣ የሚጎደጉደው እሱ ስለሆነ። ይህ ክርክር ከኔ ዕድሜ በኋላም ይቀጥላል።

ያገለገለ የባለስም ካርቦን ልግዛ ብለህም ልታስብ ትችላለህ። ዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጡት ድርጅቶች አብዛኞቹ የሚያውቁት የመጀመሪያውን ገዢ ብቻ ነው። አንተ ሁለተኛው ነህ። ያምና ሞዴል በቅናሽ ሲወጣ ጠብቀህ አዲስ መግዛት ይሻላል።

ካርቦኑ ሲመጣ ካርቶኑን ስትከፍት ቪዲዮ አንሳ። መጀመሪያ ኩሽና ሚዛን ላይ አስቀምጠው። 450 ተብሎ 455 ወይም 445 ቢሆን ችግር የለውም። 400 ከሆነ ግን ደስ አይበልህ፤ የጎደለው 50 ግራም የሆነ ቦታ ያልገባ ሽፋን ነው። ቀጥሎ ብርሃን ያዝና በአየር መሙያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመልከት፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ወይም የተጠቀለለ ሙጫ ካየህ ፎቶ አንሳ። ከዚያ ሳንቲም ውሰድና ዙሪያውን ቀስ እያልክ ኳ፣ ኳ አድርገው። እናቶቻችን ገንቦ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን እንደሚያቀርቡት ማለት ነው። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተሰነጠቀው ወይም ሽፋኑ የለቀቀው ላይ ስትደርስ ድምፁ ይፈዛል። ስፖክ የሚገባበት ቦታ ወፍራም ስለሆነ ድምፁ ትንሽ ይለያል፤ አንዱን ቀዳዳ ከሌላው ቀዳዳ ጋር አወዳድር። በመጨረሻ ጎማው የሚቀመጥበትን ከንፈር ባውራ ጣትህ ዙሪያውን ዳስሰው። ጥፍር የሚይዝ ነገር መኖር የለበትም።

ዊሉን ራስህ አትሥራው፤ እዚያ ላይ ብር አትቆጥብ። ሠሪው ዘንድ ስትሄድ ግን ሁለት ነገር ንገረው። አንደኛው የስፖክ ርዝመት የሚሰላበት የቸርኬው የውስጥ ዲያሜትር ነው። ዌብሳይቱ ላይ የተጻፈውን እንዳያምን፤ ራሱ ይለካው። ጎበዝ ሠሪዎች በልካቸው የቆረጧቸው ሁለት አሮጌ ስፖኮች አሏቸው፤ ፊት ለፊት ባሉ ቀዳዳዎች አስገብተው፣ ወጥረው፣ መሃል የቀረውን ክፍተት ካሊፐር በሚባል የርዝመት መለኪያ ይለካሉ። ሦስት ቦታ ከለኩት ቸርኬው ክብ መሆን አለመሆኑንም ያያሉ። ሁለተኛው፣ ስፖኩን የምትይዘው ትንሿ ዳዶ፣ ኒፕል የሚሏት፣ የናስ ትሁን። የአሉሚኒየሟ ቀላል ናት፤ ግን አሉሚኒየምና ካርቦን እርጥበት ሲያገናኛቸው አይስማሙም፣ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። ለሙሉው ብስክሌት የሚጨምረው ክብደት ከአንዲት እንቁላል አያልፍም።

አየሩን ደግሞ በአውራ ጣት ተጭነህ አትገምት። የዲጂታል መለኪያ ግዛ። ላንተ ክብደትና ለ2.4 ኢንች ጎማ ከኋላ 27 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው ነው)፣ ከፊት 23 አካባቢ ብለህ ጀምር። ከኋላ ድንጋዩ ቸርኬውን ጓ ሲያደርገው ከሰማህ አንድ ጨምር።

አሁን እንጦጦ። ካርቦን ይዘህ እንዳትሄድ። የገዛኸው ምርጡን ቢሆንም እንኳ አትሂድ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ባሕር ዛፍ ስር ስትነዳ ካርቦንህ ቢሰነጠቅ አዲስ አበባ ውስጥ ምትኩን ከየት ታመጣዋለህ? የዕረፍትህ ቀሪ በታክሲ ያልቃል። አሉሚኒየም ቢጎደጉድ ግን ብስክሌት የሚጠግን ማንም ልጅ በፒንሳና በመዶሻ እጀታ መልሶ ያቃናልሃል፤ ልቡ ካለ ሻይ ያስጠጣሃል። ጎማውን ለአውሮፕላን ትንሽ አተንፍሰው። ኦሮራ ያለችው ወደ 1,650 ሜትር ላይ ነው፣ እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል፤ ቤትህ የሞላኸው አየር እዚያ ስትወጣ ወደ ሁለት ፒኤስአይ ጨምሮ ታገኘዋለህ። እንደገና ለካው። አንተንም እንዲሁ፤ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብለህ ውጣ።

ዛሬ ማታ የኋላውን ሞዞ የስፖክ ቀዳዳ ቁጠርልኝ። 28 ከሆነ የምታዝዘው ቸርኬም 28 ነው፤ 32 ከሆነ 32። ይህን ሳይቆጥሩ አዝዘው የሚያለቅሱ ሰዎች ደብዳቤ በየወሩ ይደርሰኛል። በጸደይ ካርቦኑን ልታዝዝ ስትል ደግሞ ሻጩ ለአራቱ ጥያቄዎች የመለሰልህን ላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን። ስቲከር ካማረህም የልጅህን ስም አሠርተህ ለጥፍበት፤ እሱን ማንም ፎርጂድ አይልህም።

ጋሽ ፔዳል